ዝምተኛው ቀንድ ሠሪ

ዘሪቱ ጉልበቷን ልጇ ወገብ ላይ አሳርፋ ገመዱን ስትስብ፣ ማራኪ ያስገባችው አየር እዚያው ደረቷ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ማሚ፣ በቃ!»

«ገና ነው። ያምናው ቀሚስ ላልቶ ሲንሸራተትብሽ መዋሉን ረሳሽው?»

«መተንፈስ አልቻልኩም እኮ።»

«ትለምጂዋለሽ።»

ቀሚሱ አረንጓዴ ነው፤ መሬት ይጠርጋል፤ ከኋላ ከትከሻ እስከ ወገብ በሃያ ሁለት ቀዳዳ በኩል በገመድ ይጠፈራል። የለበሰችው ሴት ብቻዋን ልትገባበትም ልትወጣበትም አትችልም። ዘሪቱ አትላንታ አጠገብ ማሪዬታ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ በምታርፍባቸው ቀናት ቁጭ ብላ የሰፋችው ነው፤ ጎንና ጎኑ ላይ አራት አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፋ ትታለች።

«ይሄ ሁሉ ትርፍ ለምንድን ነው?»

«ሰው ይወፍራል። አምስት ዓመት እንድትለብሺው ብዬ ነው።»

ማራኪ አምስት ዓመት አልነበራትም። አንድ ቀን ከግማሽ ነበራት። ልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ያስቀመጠችው ስልክ ውስጥ ከፖርትላንድ የመጣ ኢሜይል አለ። የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ነው፤ ተቀብለናታል ይላል፤ ሰኞ ሳምንት ትጀምር ይላል፤ መልሷን እስከ ነገ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ አራዝመውላታል። ሁለተኛ እንደማያራዝሙ በትሕትና ጽፈዋል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ያመለከተችባቸው ቦታዎች ስድሳ ሦስት ናቸው፤ እሺ ያላት ይሄ ብቻ ነው።

አባቷ ዘገዬ ጋራዡ በር አጠገብ ጋዝ ምድጃ ላይ አጎንብሶ ቀንድ ያለሰልሳል። የበሬ ቀንድ በእሳት ሲለሰልስ የሚሸተው የተቃጠለ ፀጉር ነው። ሽታው ግድግዳው ውስጥ ገብቷል፣ መኪናው ውስጥ ገብቷል፣ ማራኪ ጠጉር ውስጥ ገብቷል። ዳውንታውን ስትማር ሁልጊዜ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበር የምትቀመጠው። ዘገዬ የለሰለሰውን ቀንድ የእንጨት ቅርጽ ይከትበታል፣ ሲበርድ አፉን በመጋዝ ያስተካክላል፣ በብርጭቆ ስባሪ ይፍቃል፣ ይሞርዳል፣ በሰም ይወለውላል። አባቱም አያቱም ይህንኑ ሲሠሩ ነው የኖሩት። አገር ቤት ሳለ ግን ሙያውን ሲጠይቁት «ነጋዴ ነኝ» ይል ነበር፤ ቀንድ ፋቂ የሚለውን ስም የሚያከብረው ሰው አልነበረም።

አሜሪካ ውስጥ የሚያከብረው ሰው የተገኘው ፌሩ ላይ ነው።

ፌሩ፣ የድሮ ዘመን ባዛሩ፣ ከአትላንታ በስተደቡብ፣ ጥድ ጫካ ውስጥ ነው። በየፀደዩ ለስምንት ሳምንት፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ፈረንጆች የዛሬ አምስት መቶ ዓመት የእንግሊዝ ሰው የሚለብሰውን ለብሰው ይመጣሉ። በፈረስ ሆነው በጦር የሚጋጠሙትን ያያሉ፤ ክንድ የሚያህል የተርኪ ዶሮ እግር ይግጣሉ፤ እነሱ «ሚድ» እኛ ጠጅ የምንለውን ይጠጣሉ። የሚጠጡበት ዋንጫ የዘገዬ ቀንድ ነው።

የፌሩ ደንብ ጥብቅ ነው። ሻጭ ሁሉ የዘመኑን ልብስ ይለብሳል፣ ፕላስቲክ ከፊት አይታይም፣ ስልክ አይወጣም፤ ሻጩም ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ የሚናገረው ታሪክ ሊኖረው ይገባል። የዛሬ አራት ዓመት፣ መጀመሪያ የተመዘገቡ ጊዜ፣ የሻጮች ኃላፊዋ ሎሪ ላባ የተሰካበት ባርኔጣዋን አድርጋ መጣችና ዘገዬን «እርስዎስ ማን ነዎት፣ ጌታዬ?» አለችው። ዘገዬ አፉን ከፈተ። ፒችትሪ ኮርነርስ ካለው የዕቃ መጋዘን ሥራው፣ ከዌርሃውሱ፣ የተማረው እንግሊዝኛ «ቦክስ»፣ «ብሬክ»ና «ኦቨርታይም» ነበር። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የነበረችው ማራኪ ደግሞ ሰው ቃል እስኪያገኝ መጠበቅ አትችልም።

«መነኩሴ ነው» አለች። «ከሩቅ አገር ነው የመጣው። ዝም ለማለት ስለት አለበት።»

ሎሪ አጨበጨበች።

በዓመቱ የፌሩ ካርታ ላይ «ዝምተኛው ቀንድ ሠሪ» ተብሎ ወጣ። ሰዎች ሊያናግሩት ይመጣሉ፤ ልጆች አፍንጫውን በላባ ይኮረኩራሉ፤ ከአላባማ በየዓመቱ የሚመጣ አንድ ሽማግሌ ፊቱ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ ያየውና ሰላም አገኘሁ ብሎ ይሄዳል። ዘገዬ ይሞርዳል። ማራኪ አጠገቡ ቆማ ታወራለች፤ ስለ ስለቱ፣ ስለ በረሃው፣ ስለ በሬዎቹ። አራት ዓመት፣ በየዓመቱ ስምንት ሳምንት። ውሸቱን የፈጠረችው በሁለት ሴኮንድ ነው።

ዓርብ ጠዋት ቫኑን ጭነው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሎሪ የሻጮቹን ዳስና ልብስ ስለምትመረምር ማራኪ ቀሚሱን ለብሳ ነው የነዳችው፤ ስልኳ መኪናው ኪስ ውስጥ ተቆለፈበት፤ ቁልፉን ዘሪቱ ያዘች።

ዳሳቸው በመጋረጃ ለሁለት ይከፈላል። ከፊት በኩል እንጨት፣ ቀንድ፣ ሰምና ገለባ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ አይስ ቦክስ፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ የዘሪቱ የሥራ ዩኒፎርም፣ አንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃ። ጾም ስለሆነ ዘሪቱ እዚያ ለሽሮ ሽንኩርት ትከትፋለች። ከጎረቤት የሚመጣው የተርኪ ጭስ ግን ጾም አያውቅም።

ማራኪ ዋንጫዎቹን እየሰቀለች አባቷ አጠገብ ቆመች።

«አባዬ፣ ፖርትላንድ ሥራ አገኘሁ።»

ሞረዱ አልቆመም። «መቼ ነው?»

«ሰኞ ሳምንት።»

«ፌሩ ስምንት ሳምንት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማን ያወራል?»

እንኳን ደስ ያለሽ የለም፣ ፖርትላንድ የት ነው የለም።

«አንተ» አለች።

«እኔ መነኩሴ ነኝ።»

«ሚስትህ ከኋላህ ሽንኩርት እየከተፈች ምን መነኩሴ ነህ?»

«መነኩሴ ቢሆንማ እኔ አርፌ ነበር!» አለች ዘሪቱ ከመጋረጃው ጀርባ።

ዘገዬ ሞረዱን አስቀመጠ። «ስሚኝ፣ ማሬ። ዌርሃውስ አፌን ስከፍት ‹ዋት?› ይሉኛል። ስደግመው ‹ዋት?› ይሉኛል። ሦስተኛው ላይ እተወዋለሁ። እዚህ ዝም ስል ‹ማስተር› ይሉኛል። ባርኔጣ ያወልቁልኛል። አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትመርጪያለሽ?»

ማራኪን የአባቷ ትክክል መሆኑ ይበልጥ አናደዳት።

«ታዲያ እኔ እስከ መቼ ላውራልህ?»

ሞረዱን መልሶ አነሳና «እሺ» አለ። «ሴትዮዋ ስትመጣ እናገራለሁ። ምን ልበል?»

ቶሎ እሺ ማለቱን መጠርጠር ነበረባት። እሷ ግን ጊዜ አልነበራትም፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር አስጠናችው። «ማይ ኔም ኢዝ ዘገዬ። አይ ሜክ ዚስ ባይ ሃንድ። አይ ዊል ቶክ።» አሥር ጊዜ ያህል አስደገመችው። አንዱን ዋንጫ በጉልበቱ መሃል ይዞ እየሞረደ ነበር የሚደግመው።

ሎሪ በአሥር ሰዓት መጣች። አይፓዷን የድሮ መጽሐፍ በሚመስል የቆዳ ሽፋን ከታዋለች። መጋረጃውን ገልጣ አየች፤ ወለሉ ላይ የወደቀ የፕላስቲክ ማንኪያ አሳየቻቸው፤ ዘሪቱ አነሳችው። ከዚያ ፊቷ በርቶ አዲሱን ካርታ ዘረጋች። ሽፋኑ ላይ የዘገዬ ሥዕል አለ፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጓል።

«ሠላሳ ሺህ አሳትመናል» አለች። «ይሄ ደግሞ ውሉ ነው። የሦስት ዓመት። ቦታችሁም ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ትልቁ በር አጠገብ ይሆናል። አንቺ እዚህ ጋ ትፈርሚያለሽ፤ ተናጋሪ የሚለው ላይ።»

የሦስት ዓመት። ማራኪ እስክሪብቶውን አልተቀበለችም።

«ሎሪ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አባቴ ስለት የለበትም። ያኔ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

አራት ዓመት የተሸከመችው ነገር ነው። ሎሪ ሳቀች።

«የኔ ቆንጆ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ማን እውነት ሲናገር አየሽ? መጥረቢያ የሚሸጠው ጎረቤታችሁ እኮ የታክስ ሠራተኛ ነው።»

«ግን እኔ እሄዳለሁ። ሥራ አግኝቻለሁ። እሱ ራሱ ያወራል። አባዬ፣ በላት።»

ዘገዬ ተነሳ። የቀንዱን ብናኝ ከመጎናጸፊያው ላይ አራገፈ። ሦስቱንም ዓረፍተ ነገሮች አንድም ሳይሳሳት አላቸው። ሎሪ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሕፃን ልጅ ሲዘምር እንደሚሰማ ሰው፣ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«በጣም ያምራል» አለች። «እንግዶች ፊት ግን አይሆንም። ካርታው ወጥቷል። ለሥዕሉ ነው የሚመጡት። እሱ ዝም ይበል፤ ተናጋሪ ደግሞ አንድ ሰው ይኑራችሁ። ማንም ይሁን ማን፣ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፊርማ እፈልጋለሁ። አለበለዚያ ቦታውን ለሻማ ሠሪዎቹ እሰጣለሁ፤ ተሰልፈዋል።»

ካርታውን ትታላቸው ወጣች። ዘገዬ ወደ በርጩማው ተመለሰ። ከፈተና እንደወጣ ተማሪ ትከሻው ወረደ።

«ይኸው ተናገርኩ» አለ። «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ሞረዱን አነሳ። ማራኪ ያን ጊዜ ገባት። ሰውዬው ሴትዮዋ ምን እንደምትለው አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ካርታው ከመታተሙ በፊት የፌሩ ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ መጥተው ሥለውታል፤ የተቀመጠላቸው እሱ ነው። ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደረገውም እሱ ራሱ ነው።

መጋረጃውን ገልጣ ወደ እናቷ ገባች። አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«ቁልፉን ስጪኝ፣ ማሚ።»

«ለምን?»

«ስልኬን ላወጣ ነው። እሺ ልላቸው ነው።»

ዘሪቱ ሽሮውን ማማሰል አላቆመችም። «ስምንት ሳምንት ብቻ ጠብቁኝ በያቸው።»

«ብያቸዋለሁ።»

«ሌላ ሥራ አይጠፋም።»

«ስድሳ ሦስት ቦታ ነው ያመለከትኩት። ስድሳ ሦስት! አንዳንዶቹ እንቢ ለማለት እንኳን አልጻፉልኝም።»

«አባትሽን ግን እይው እስኪ። እንዲህ ሲከበር አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች ማራኪ። «ለዚያ ነው ለአራት ዓመት የቆምኩት። ገመዱን ፍቺልኝ፣ መኪናው ድረስ ልሩጥ።»

«ሴትዮዋ ተመልሳ ብትመጣስ? እንዲሁ ሂጂ።»

ቁልፉን በእጇ አልሰጠቻትም። አይስ ቦክሱ ላይ አስቀምጣ ፊቷን አዞረች።

ስልክ የሚሠራው ከጫካው ወጥተው ሜዳው ላይ፣ መኪኖቹ የሚቆሙበት ዳር ነው። ማራኪ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ በጭቃው መሃል አለፈች። ግማሽ ልብሱን ብቻ የለበሰ ፈረሰኛ መሰላል ላይ ሆኖ «እመቤቴ!» ብሎ ሰገደላት። ቫኑን ከፈተች፣ ስልኩን አወጣች፣ ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ መስመር ፈለገች። አንድ መስመር መጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች፤ እቀበላለሁ፣ ሰኞ ሳምንት እገኛለሁ። ላከችው። ለአሥራ አንድ ስምንት ጉዳይ ነበር።

እፎይ ልትል አየር ሳበች። ቀሚሱ ትንፋሿን ግማሽ መንገድ ላይ አስቆመባት።

ተመልሳ አባቷ ፊት ቆመች። «ልኬላቸዋለሁ፣ አባዬ። ይሄን ሳምንትና የሚመጣውን አለሁ። ከዚያ በኋላ የለሁም።»

ሞረዱ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

«አባዬ፣ ሰማኸኝ?»

ዘገዬ ዋንጫውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። «ዘሪቱ፣ ውሃ ስጪኝ እስቲ» አለ።

ግቢው ውስጥ አንድም እንግዳ አልነበረም። የፌሩ በር የሚከፈተው ነገ ነው።

ሲመለሱ አውራ ጎዳና ቁጥር 285 ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር። ማራኪ በጂንስ ትነዳለች፤ ዘገዬ ከኋላ ቀንዶቹ መሃል ተቀምጦ በመስኮት ያያል። ዘሪቱ ከፊት፣ አረንጓዴውን ቀሚስ ታቅፋ ተቀምጣለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ መጦሪያው ደወለች። እንግሊዝኛዋ የሥራ እንግሊዝኛ ነው፤ አጭርና ጥርት ያለ። ከነገ ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ አልገባም አለች። አዎ፣ እስከ ሰኔ። አዎ፣ ሺፍቱን ለሌላ ሰው እንደምትሰጡት ይገባኛል። አመሰግናለሁ።

ያ ሺፍት ለዘጠኝ ዓመት የእሷ ነበር። እንዲሰጧት ሁለት ዓመት ነው የለመነችው።

«ማሚ…»

«ዝም በይና ንጂ።» ቦርሳዋን ከፈተች፤ ትንሽ መቀስ አወጣች፤ የቀሚሱን ጎን ገልብጣ ስፌቱን አንድ በአንድ መተርተር ጀመረች። አራት ጣቱ ትርፍ ጨርቅ እየተዘረጋ ወጣ። «ታሪኩን ንገሪኝ። ይሄ መነኩሴ ከየት ነው የመጣው?»

«ከሩቅ አገር።»

«ሩቅ የት?»

«አይጠይቁሽም። በረሃ አቋርጦ መጣ በያቸው። በሬዎቹ በመንገድ ሞቱበት፤ ቀንዳቸውን ይዞ መጣ።»

«ውይ፣ ምስኪን! ስለቱስ ለምንድን ነው?»

«አይታወቅም። ሲጠይቁሽ ‹ለማንም አልነገረም› በይ።»

«ለእኔም?»

«ለአንቺም።»

ዘሪቱ ወደ ኋላ ዞር ብላ ባሏን አየችው። ዘገዬ በመስኮት ማየቱን ቀጠለ።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ዘሪቱ ፈረመች። በአራት ሰዓት በሩ ተከፈተ። ቀሚሱን እናቷ ስለለበሰችው ማራኪ ልብስ የላትም፤ በጂንስ ከፊት መታየት ክልክል ነው፤ በሩ እስኪዘጋ ደግሞ በሰዎቹ መሃል ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ ከመጋረጃው ጀርባ አይስ ቦክሱ ላይ ተቀምጣ ዋንጫ በወረቀት ትጠቀልላለች። ጨርቁ መሃል ባለችው ስንጥቅ የሚታያት የአባቷ ጀርባ ነው። ጠዋት ለእናቷ ጨው አቀብዪኝ ብሏል፣ ጫማዬ የት ነው ብሏል። እሷን ከትናንት ወዲህ አንድ ቃል አላናገራትም።

የቢራቢሮ ክንፍ ያሰረች ሴት ቀረበች። «እውነት በጭራሽ አይናገርም?»

«በጭራሽ» አለች ዘሪቱ። «ለእኔ እንኳን አልነገረኝም።»

ማራኪ ጥቅልሉን አስቀመጠች። ለአራት ዓመት ይህን ታሪክ ስታወራ አንድም ቀን አምናው አታውቅም። አሁን ከመላው ግቢ ዝምታው እውነት የሆነባት እሷ ብቻ ናት።

ሴትየዋ ስትሄድ ዘሪቱ እያንዳንዱን እርምጃ እየለካች ወደ ኋላ መጣች፤ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አድርጋ ጀርባዋን በመጋረጃው በኩል አስገባች።

«ትንሽ ፈታ አድርጊልኝ፣ ማራኪ። መተንፈስ አልቻልኩም።»

ትለምጂዋለሽ የሚለው ማራኪ አፍ ላይ መጣ። አላለችውም። ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን በጥፍሯ ያዘችው። በላብ ርሶ ጠብቋል። ጠዋት ላልቶ እንዳይንሸራተት ብላ ባለ በሌለ ኃይሏ የቋጠረችው እሷው ናት።

«ቶሎ በይ» አለች ዘሪቱ በሹክሹክታ፣ ፊቷ ለሕዝቡ እየሳቀ። «ሰው እየመጣ ነው።»

«ቆይ» አለች ማራኪ። «እንቢ አለኝ።»